አንድ መምህር፣ ስንት ልጆች?

ልጅን ትምህርት ቤት ማስገባት አንድ ነገር ነው። ልጁ ገብቶ መማሩ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ብዙ ወላጅ ልጁን ካስመዘገበ፣ ደብተርና እርሳስ ከገዛለት በኋላ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ልጁ ሁለት ዓመት ተመላልሶ ማንበብ ሲያቅተው፣ «ይኼ ልጅ ትምህርት አይገባውም» ይላል። ወይም «መምህሩ ሰነፍ ነው» ይላል። ከሁለቱም በፊት ግን ሊጠየቅ የሚገባው አንድ ጥያቄ አለ። ልጁ በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ ስንት ልጆች አሉ?

በዚህ ጽሑፍ የምንነጋገረው ስለዚህ ጉዳይ ነው። በአንድ ክፍል የሚማሩ ልጆች ሲበዙ ምን ይጎድላል? ቁጥራቸው ሲቀነስስ ምን ይገኛል? ክፍሉን ለሁለት መክፈል ብቻውን ይበቃል ወይ? እኛስ ምን ማድረግ እንችላለን?

ክፍሎቹ ለምን ሞሉ?

ቀድሞ በገጠር ትምህርት ቤት ብርቅ ነበር። በ1986 ዓ.ም. አዲስ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወጣ። ከዚያ ወዲህ እስከ 10ኛ ክፍል ድረስ ይከፈል የነበረው የትምህርት ክፍያ ቀረ። በየገጠሩም ትምህርት ቤት ይሠራ ጀመር። በ1987 ዓ.ም. ገደማ በመላ አገሪቱ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል የሚማሩት ልጆች 3 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። ከ20 ዓመት በኋላ ቁጥራቸው ከ18 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ስድስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

ይህ ትልቅ ነገር ነው። የገበሬው ልጅ፣ በተለይም ሴት ልጅ፣ የትምህርት ቤት ደጅ የረገጠችው በዚህ ጊዜ ነው። ነገር ግን የልጆቹ ቁጥር በፍጥነት ሲያድግ ክፍሉ፣ መምህሩ፣ መጽሐፉና ዴስኩ በዚያው ፍጥነት አላደጉም። ለአንደኛ ደረጃ ሲሠራበት የኖረው መለኪያ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ የሚል ነው። በብዙ ቦታ ግን ቁጥሩ ከዚህ አልፎ ተገኝቷል። ለሦስት ልጅ በተሠራ ዴስክ ላይ አምስት ልጅ ይቀመጣል። ቦታ ያጣው ደግሞ ድንጋይ ላይ ወይም መሬት ላይ ይቀመጣል።

ከሁሉ የሚጨናነቀው ብዙ ጊዜ 1ኛ ክፍል ነው። ለምን? በዚያ ክፍል ሦስት ዓይነት ልጆች ስለሚገናኙ ነው። አንደኛ፣ ዕድሜው ደርሶ የገባ አለ። ሁለተኛ፣ ከብት ሲጠብቅ ቆይቶ በ9 ወይም በ10 ዓመቱ የገባ አለ። ሦስተኛ፣ ዓምና ገብቶ ያቋረጠ ወይም ያልቻለና እንደገና የተመለሰ አለ።

በ2002 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የልጆች የንባብ ችሎታ ተመርምሮ ነበር። በልዩ ልዩ ክልሎች የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆች አንድ በአንድ እየተጠሩ፣ በሚማሩበት ቋንቋ አጭር ታሪክ እንዲያነቡ ተጠየቁ። ከ2ኛ ክፍል ልጆች ከሦስቱ አንዱ ያህል ከታሪኩ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም። የዚህ ምክንያቱ የክፍል መጨናነቅ ብቻ አይደለም። የመጽሐፍ እጥረት አለ። ረሃብ አለ። ከትምህርት መቅረት አለ። ቢሆንም ልጅ በበዛበት ክፍል፣ ማንበብ ያልቻለውን ልጅ ለይቶ የሚያይ ሰው አይኖርም። ልጁ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ከሌሎቹ ጋር ድምፁን አስተባብሮ ይጮኻል። ዓመቱ ሲያልቅ ያልቻለው ነገር ከእርሱ ጋር ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል።

እስቲ እናስላው

ነገሩን በሒሳብ እንየው። የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት 40 ደቂቃ ነው እንበል። መምህሩ 40 ደቂቃውን በሙሉ ለልጆቹ እኩል ቢያካፍል፦

በክፍሉ 80 ልጆች ካሉ፣ ለአንዱ ልጅ ግማሽ ደቂቃ ይደርሰዋል።

40 ልጆች ካሉ፣ አንድ ደቂቃ ይደርሰዋል።

20 ልጆች ካሉ፣ ሁለት ደቂቃ ይደርሰዋል።

ይህም ቢሆን መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሳይጽፍ፣ ሳያስረዳ፣ የሚረብሹትን ዝም ሳያሰኝ ነው። እነዚህ ግማሹን ጊዜ ይወስዳሉ። እንግዲያው 80 ልጆች ባሉበት ክፍል ለአንድ ልጅ የሚተርፈው ሩብ ደቂቃ ነው። በሩብ ደቂቃ ውስጥ ልጁ ስሙን ጠርቶ ከመቀመጫው እስኪነሣ ጊዜው ያልቃል።

ሌላም ምሳሌ እንውሰድ። መምህሩ በየቀኑ 10 ልጆችን ድምፅ እያሰማ ያስነብባል እንበል። 80 ልጆች ካሉ፣ ዛሬ ያነበበ ልጅ ሌላ ተራ የሚደርሰው ከ8 የትምህርት ቀን በኋላ ነው። 40 ልጆች ካሉ ግን በ4 ቀን ይደርሰዋል። የደብተር እርማትም እንደዚሁ ነው። አንድ ደብተር ለማረም 2 ደቂቃ ቢወስድ፣ 80 ደብተር 160 ደቂቃ ይፈልጋል። ይህም 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። መምህሩ ይህን በየቀኑ እንዴት ይችላል? ስለዚህ ደብተር ሳይታረም ይሰነብታል። ልጁም «ለ»ን «ሰ» ብሎ ጽፎ፣ ትክክል የጻፈ መስሎት ይኖራል።

እናንተም ፊደል ስትቆጥሩ የነበረውን አስታውሱ። አስተማሪው አጠገባችሁ ቆሞ «ይህችን ፊደል እንደገና አንብቧት» ያላችሁ ቀን ከሌላው ቀን ይበልጥ ገብቷችኋል። ትልቅ ሰው እንዲህ ከሆነ የ7 ዓመት ልጅማ ምን ይሆን?

ነገሩ አዲስ አይደለም

ሰዎች ይህን ችግር ያወቁት ዛሬ አይደለም። ከ800 ዓመት በፊት በግብፅ አገር የኖረ ማይሞኒደስ የሚባል የአይሁድ ሊቅ ነበር። ከእርሱ በፊት የነበሩትን የአይሁድ መምህራን ሥርዓት ተከትሎ እንዲህ ሲል ደነገገ። አንድ መምህር እስከ 25 ልጅ ያስተምራል። ልጆቹ ከ25 በልጠው እስከ 40 ከደረሱ ረዳት ይጨመርለታል። ከ40 ከበለጡ ሁለት መምህራን ይቀጠራሉ። ያ ሰው በዚያ ዘመን ያለው፣ አንድ ዓይንና አንድ ጆሮ የሚችለው ልክ አለ ነው። እረኛም ቢሆን ልክ አለው። ሃያ ከብት የሚጠብቅ ልጅ የታመመችውን ጊደር ለይቶ ያውቃል። ሁለት መቶ ከብት ያስነዳችሁት እንደሆነ ግን ከብቶቹን ከመንዳት በቀር ሌላ ማየት አይችልም።

በዕጣ የተደረገ ሙከራ

ነገር ግን «ልጆች ሲያንሱ ትምህርት ይሻላል» ማለትና ማስረዳት የተለያዩ ናቸው። ጥቂት ልጅ ያለባቸው ትምህርት ቤቶች ብዙ ጊዜ የሀብታም ልጆች የሚማሩባቸው ናቸው። ታዲያ ልጆቹ የበለጡት ክፍሉ ስላልሞላ ነው? ወይስ ወላጆቻቸው ሀብታም ስለሆኑ ነው? ይህን ለመለየት የተደረገ አንድ ትልቅ ሙከራ አለ።

ሙከራው የተደረገው በአሜሪካ አገር፣ ቴነሲ በሚባል ክፍለ ሀገር ነው። ጊዜውም ከ1985 እስከ 1989 እ.ኤ.አ. ነበር። እ.ኤ.አ. ማለት እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ማለት ነው። 80 ያህል ትምህርት ቤቶችና ከ11,000 በላይ ልጆች ገቡበት። ልጆቹ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ትንንሾች ነበሩ። በየትምህርት ቤቱ ሦስት ዓይነት ክፍሎች ተዘጋጁ። በመጀመሪያው ዓይነት ክፍል ከ13 እስከ 17 ልጆች ነበሩ። በሁለተኛው ከ22 እስከ 25 ልጆች ነበሩ። በሦስተኛው ደግሞ ከ22 እስከ 25 ልጆች ሆነው ለመምህሩ አንድ ረዳት ተጨመረለት።

ማን የት እንደሚገባ የተወሰነው በዕጣ ነው። የልጆቹም፣ የመምህራኑም ዕጣ ወጣ። የዕጣን ጥቅም ገበሬ ያውቀዋል። መሬት ወይም የመስኖ ተራ በዕጣ ሲከፋፈል «ለዘመዱ አደላ» የሚል አይኖርም። በዚህ ሙከራም ሀብታሙና ድሃው፣ ጎበዙና ደካማው በዕጣ ተደባልቆ በየክፍሉ ገባ። ስለዚህ በመጨረሻ ልዩነት ቢገኝ፣ ልዩነቱን ያመጣው የልጆቹ ብዛት ነው ለማለት ይቻላል።

ውጤቱ ምን ሆነ? በትንሹ ክፍል የተማሩት ልጆች በንባብም በሒሳብም ከሌሎቹ በልጠው ተገኙ። ከሁሉ ይልቅ የተጠቀሙት የድሆች ልጆችና የጥቁሮች ልጆች ነበሩ። ለምን ቢባል፣ የተማረ ወላጅ ያለው ልጅ በክፍል ያላገኘውን በቤቱ ያገኛል። ቤቱ መጽሐፍ የሌለው ልጅ ግን ያለው መምህሩ ብቻ ነው። መምህሩ ጊዜ ሲያገኝ የሚጠቀመው ይህ ልጅ ነው። በትንሹ ክፍል የተማሩት ልጆች አድገው ሲታዩም፣ ለኮሌጅ መግቢያ የሚሰጠውን ፈተና የሚወስዱት ከሌሎቹ በዝተው ተገኙ። ረዳት ብቻ በተጨመረለት ክፍል ግን ይህን ያህል ልዩነት አልታየም።

ከዚህ ሙከራ አንድ ነገር እንያዝ። ጥቅሙ የታየው በሕፃንነት ክፍሎች ነው። ችግኝ ሥር ሳይሰድ ነው ውሃና ቦታ የሚፈልገው። በ1ኛና በ2ኛ ክፍል ማንበብ የለመደ ልጅ በኋላ መጽሐፉ ራሱ ያስተምረዋል። ያልለመደው ግን በየዓመቱ ወደ ኋላ ይቀራል። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚባለው ለዚህም ይሆናል።

ክፍል መክፈል ብቻውን አይበቃም

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ክፍሉን ለሁለት ከፈልን፤ ነገሩ አለቀ» የሚል ሰው ይሳሳታል። ይህን የሚያሳዩ ሁለት ምሳሌዎች አሉ።

የመጀመሪያው እዚያው አሜሪካ አገር፣ ካሊፎርኒያ በሚባል ክፍለ ሀገር የሆነው ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ለታዳጊ ክፍሎች ተማሪን ወደ 20 ላወረደ ትምህርት ቤት ገንዘብ እሰጣለሁ አለ። ቀድሞ በአንድ ክፍል 30 ያህል ልጆች ነበሩ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ተሯሯጠ። በሺህ የሚቆጠር አዲስ መምህር በአንድ ጊዜ ተፈለገ። የሠለጠነው ስላልበቃ፣ ሥልጠናውን ያልጨረሰም ተቀጠረ። ሀብታም ሰፈር ያሉ ትምህርት ቤቶች አዲስ ቦታ ስለከፈቱ፣ ልምድ ያላቸው መምህራን የድሆችን ትምህርት ቤት እየተዉ ወደዚያ ሄዱ። ክፍል ስለጠፋም የመጻሕፍት ቤት ሳይቀር መማሪያ ክፍል ሆነ። በዚህ ምክንያት ለድሃው ልጅ የታሰበው ጥቅም ሳሳ። ትንሽ ክፍል ገባ፤ ነገር ግን ልምድ ያለውን መምህሩን አጣ።

ሁለተኛው ምሳሌ ወደ እኛ ይቀርባል። ጎረቤታችን ኬንያ በ2003 እ.ኤ.አ. የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በነፃ እንዲሆን አደረገች። ልጆች ጎረፉ። በምዕራብ ኬንያ ገጠር 1ኛ ክፍል ከ80 በላይ ልጅ ያለባቸው ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከእነዚህ ለተመረጡት በዕጣ አንድ ተጨማሪ የኮንትራት መምህር ተሰጣቸው። 1ኛ ክፍልም ተከፈለ። የልጆቹ ቁጥር ወደ 45 ገደማ ወረደ።

ታዲያ ምን ተገኘ? ነባሩ መምህር ጋ የቀሩት ልጆች ቁጥራቸው በግማሽ ቢቀንስም ብዙ ለውጥ አላሳዩም። ምክንያቱም አንዳንዱ ነባር መምህር «አሁን ሌላ ሰው ተቀጥሮልኛል» ብሎ ከክፍል መቅረት አበዛ። አዲሱ መምህር ጋ የተመደቡት ልጆች ግን ተሻሻሉ። አዲሱ መምህር ከነባሩ ይልቅ በክፍል እየተገኘ ያስተምር ነበርና።

በጣም የሚያስተምረን የሚከተለው ነው። ከትምህርት ቤቶቹ በአንዳንዶቹ የወላጆች ኮሚቴ ሥልጠና ተሰጠው። ኮሚቴው መምህሩ መምጣቱንና ማስተማሩን እንዲከታተል ተደረገ። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች የነባሮቹ መምህራን ልጆችም ውጤት የተሻለ ሆነ። እንዲሁም በአንዳንዶቹ ትምህርት ቤቶች ልጆቹ ሲከፈሉ በጀማሪነታቸውና በቻሉት መጠን ተለይተው ተመደቡ። መምህሩ ለክፍሉ ልክ የሆነውን ትምህርት ስላስተማረ፣ ጎበዞቹም ደካሞቹም ተጠቀሙ።

ከሁለቱ ምሳሌዎች የምናገኘው ትምህርት ይህ ነው። ድስት በሦስት ጉልቻ ይቆማል። አንደኛው ጉልቻ ክፍል ነው። ሁለተኛው የሠለጠነና ከክፍሉ የማይቀር መምህር ነው። ሦስተኛው የወላጅ ክትትል ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ድስቱ ይደፋል።

በመንደራችን ምን እናድርግ?

ለምሳሌ ያህል አንድ ትምህርት ቤት እንውሰድ። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያስተምራል። በየክፍሉ 90 ልጆች አሉት። ሁሉንም ክፍል በአንድ ጊዜ ለሁለት ለመክፈል 4 ተጨማሪ ክፍልና 4 ተጨማሪ መምህር ያስፈልጋል። ይህ በአንድ ዓመት ላይቻል ይችላል። 1ኛ ክፍልን ብቻ ለመክፈል ግን የሚያስፈልገው 1 ክፍል፣ 1 መምህርና 1 ሰሌዳ ነው። ልጆቹም 45፣ 45 ይሆናሉ። በአንድ ዴስክ ሦስት ልጅ ቢቀመጥ፣ ለ45 ልጆች 15 ዴስክ ይበቃል። ስለዚህ ከታች እንጀምር። በሚቀጥለው ዓመት 2ኛ ክፍል ይከተላል።

ሥራውን እንዲህ መከፋፈል ይቻላል።

1. መቁጠር። ከሁሉ በፊት እውነተኛው ቁጥር ይታወቅ። በመዝገብ የተጻፈውና በክፍል የተገኘው ልጅ ብዙ ጊዜ አይገጥምም። የወላጆችና የመምህራን ኅብረት ከርእሰ መምህሩ ጋር ሆኖ በየክፍሉ ያሉትን ልጆች፣ ዴስኮችና መጻሕፍት ይቁጠር። አሁን ማንበብና መቁጠር የቻላችሁ ሰዎች ለዚህ ሥራ ትጠቅማላችሁ። «ክፍሉ ሞልቷል» ከማለት «በ1ኛ ክፍል 90 ልጅ አለ፤ መጽሐፉ 30 ነው» ማለት ይበልጣል። ቁጥር ይዞ የሄደ ሰው ይደመጣል።

2. በጊዜው መጠየቅ። መምህር የሚመድበው የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት «መምህር ስጡን» ብሎ መሄድ ዘርን ዝናቡ ካለፈ በኋላ እንደ መዝራት ነው። ጥያቄው በጀቱ ከመታቀዱ በፊት፣ በበጋው ወራት፣ በጽሑፍ ይቅረብ። የጥያቄው ግልባጭ በትምህርት ቤቱ ይቀመጥ።

3. ክፍል መሥራት። እንጨት ያለው እንጨት፣ ጉልበት ያለው ጉልበት፣ አናጢ የሆነ እጁን ያዋጣ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ነገር ግን ክፍል ከመሠራቱ በፊት መምህር እንደሚመደብ ከወረዳው ይረጋገጥ። አለዚያ አዲሱ ቤት የፍየል ማደሪያ ሆኖ ይቀራል። መስኮቱም ሰፋ ይበል። ጨለማ ክፍል ውስጥ ያለ ልጅ ሰሌዳ አይታየውም።

4. ፈረቃን በማስተዋል መያዝ። ክፍል ከሌለና መምህር ካለ፣ ልጆቹን በጧትና በከሰዓት በኋላ ከፍሎ ማስተማር ይቻላል። ፈረቃ የሚባለው ይህ ነው። የክፍሉን ጭንቅንቅ ይቀንሳል። ጉዳት ግን አለው። ልጁ በቀን የሚማርበት ሰዓት ያጥራል። ያው አንድ መምህር በጧትም በከሰዓትም የሚያስተምር ከሆነ ደግሞ ይደክማል፤ ደብተር የሚያርምበት ጊዜም ያጣል። ስለዚህ ፈረቃ ለጊዜው መሻገሪያ እንጂ መኖሪያ አይሁን።

5. ልጅን በዕድሜው ማስገባት። ልጅ 7 ዓመት ሲሞላው ይመዝገብ። በ10 ዓመቱ የሚገባ ልጅ ከ7 ዓመት ልጆች ጋር ሲደባለቅ ክፍሉን ያጨናንቃል። እርሱም ያፍራል፤ ቶሎም ያቋርጣል። ካቋረጠ በኋላ ቢመለስ ደግሞ ያንኑ ክፍል እንደገና ይሞላል።

6. ከትምህርት አለማስቀረት። በአጨዳና በውቂያ ጊዜ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ብዙ ልጅ ከትምህርት ይቀራል። የቀረው ልጅ ሲመለስ ያለፈውን አያውቅም። መምህሩ ወደ ኋላ ይመለስለት እንደሆነ ሌሎቹ ይቆማሉ። ሳይመለስለት ቢቀር ልጁ ይወድቃል። የወደቀ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ክፍል ይደግማል። እንግዲህ አስቡት። በአንድ ክፍል 15 ልጆች ቢደግሙ፣ ለአዲስ ገቢዎች የሚሆነውን 15 ቦታ ይዘዋል። ለ15 ልጅ ደግሞ አምስት ዴስክ ያስፈልጋል። ልጁን ከትምህርት ባለማስቀረት ብቻ ክፍሉን ማስፋት ይቻላል ማለት ነው።

7. መምህሩን መርዳትና መከታተል። ክትትል ማለት መሰለል አይደለም። መምህሩ ከተማ ድረስ ደመወዝ ለመቀበል የሚመላለስ ከሆነ፣ ቤት ያጣ ከሆነ፣ ውሃ የሚቀዳው ከሩቅ ከሆነ መንደሩ ሊያቃልልለት ይችላል። ቤት የሠሩለት መምህር ከክፍሉ አይርቅም። ያለ ምክንያት ከቀረ ደግሞ ኅብረቱ በግልጥ ይጠይቀው። 45 ልጅ የተሰጠው መምህር 90 ልጅ እንደያዘ ሆኖ ካስተማረ፣ ሰሌዳ ላይ ጽፎ «ገልብጡ» ብቻ ካለ፣ የተከፈለው ክፍል ዋጋ የለውም። ቁጥሩ ሲቀንስ መምህሩ በልጆቹ መካከል ይመላለስ። ደብተር ይይ። ተራ ሰጥቶ ያስነብብ።

እስከዚያውስ?

አዲስ ክፍልና አዲስ መምህር እስኪገኝ ድረስ ልጆቹ አያድጉም ማለት አይደለም። ዓመቱ ይነጉዳል። ስለዚህ በሞላ ክፍልም ቢሆን የሚሠራ ነገር አለ።

በቄስ ትምህርት ቤት የነበረውን ልማድ ታውቁታላችሁ። መሪጌታው ሁሉንም ልጅ ብቻውን አያስቆጥርም። ዳዊት የደገመው ልጅ ፊደል ለሚቆጥረው ያስቆጥራል። ትልቁ ትንሹን ያስጠናል። ትልቁም ሲያስጠና ራሱ ይጠናከራል። መምህሩ 80ውን ልጅ በ10 በ10 ቢያከፋፍል 8 ቡድን ይሆናል። በየቡድኑ ሻል ያለ ልጅ ቢኖር፣ ስምንቱ ቡድን በአንድ ጊዜ ያነባል። መምህሩም ከቡድን ወደ ቡድን እየሄደ የደከመውን ያግዛል። ይህ የመምህርን ቦታ አይተካም። ቢሆንም 80 ልጅ አንድ ላይ ከመጮህ ይሻላል።

ከሁሉም የሚቀርበው ደግሞ ቤት ነው። በቤት ውስጥ አንድ ወላጅና አንድ ልጅ ሲቀመጡ፣ ከዚያ የሚያንስ ክፍል የለም። ማታ እራት እስኪደርስ፣ ልጁ መጽሐፉን ይክፈት። አንድ ገጽ ያንብብ። እናንተም አዳምጡ። የተሳሳተባትን ቃል «እስቲ ድገማት» በሉት። የማታውቁት ቃል ቢገጥማችሁ አትፈሩ፤ አብራችሁ ፈልጉት። በክፍሉ ሩብ ደቂቃ ብቻ የደረሰው ልጅ በቤቱ 10 ደቂቃ ያገኛል። ትናንት ፊደል የማያውቅ ወላጅ ይህን ማድረግ አይችልም ነበር። ዛሬ ማንበብ የቻለ ግን ይችላል።

ይሁን እንጂ በቤት የሚደረገው እገዛ ክፍሉን ለመክፈል የሚደረገውን ጥረት አያስቀርም። ማንበብ የሚችል ወላጅ የሌለው ልጅ በመንደሩ ውስጥ አለ። ቴነሲ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ የተጠቀመው እንደዚህ ያለው ልጅ ነው። ለእርሱ ያለው አንድ መምህር ነው። ስለዚህ ያ መምህር ልጁን ማየት የሚችልበት ክፍል ይኑረው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቀበሌያችሁ ትምህርት ቤት በ1ኛ ክፍል ስንት ልጆች አሉ? ስንት ዴስክ አለ? ቆጥራችሁ ጻፉ።

2. አንድ መምህር በቀን 10 ልጆችን ቢያስነብብ፣ 60 ልጆች ባሉበት ክፍል ለአንድ ልጅ ተራ የሚደርሰው በስንት ቀን ነው?

3. በኬንያ ትምህርት ቤቶች ክፍሉ ከተከፈለ በኋላ አንዳንድ ልጆች ያልተሻሻሉት ለምንድን ነው? የወላጆች ኮሚቴ ምን አደረገ?

4. በመንደራችሁ ልጆች ከትምህርት የሚቀሩት በየትኛው ወር ነው? በዚያ ወር ልጆች እንዳይቀሩ ምን ማድረግ ይቻላል?

5. ከሦስቱ ጉልቻዎች፣ ማለት ከክፍል፣ ከመምህርና ከክትትል፣ በእናንተ ትምህርት ቤት የጎደለው የትኛው ነው? ለማሟላትስ ከየት ትጀምራላችሁ?